አራት ዓመት በእግር ብረት፣ ስምንት ዓመት በቁማር፦ ዶስቶየቭስኪ ከሁለት እስር ቤት እንዴት ወጣ?



ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መገናኛ ለአያት ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ ከፊታችሁ የቆመውን ልጅ ስልክ ሰረቅ አድርጋችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኳስ የሚያይ ይመስላችኋል። እሱ ግን የሚያየው ኳሱን ሳይሆን የቆረጠውን ትኬት ነው። አምስት ጨዋታ ገብቶለታል፣ አንዲት ብቻ ቀርታዋለች። ያቺ ከገባች የቤት ኪራዩም፣ ከጓደኛ የተበደረውም፣ ከእናቱ ቦርሳ ሳትሰማ የወጣውም ሁሉ ይዘጋል። ችግሩ ያቺ አንዷ አትገባም። ቦሌ በሉት ገርጂ፣ ሰሚት በሉት ጎሮ፣ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰፈር የለም።

ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ያቺን አንዷን ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው የተማረ፣ የተመሰገነ፣ ሞትን በዓይኑ አይቶ የተመለሰ፣ አራት ዓመት በሰንሰለት ታስሮ የወጣ ነው። ያም ሆኖ ከቁማር ጠረጴዛው መነሳት አቅቶት ነበር። ስሙ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ይባላል። ወንጀልና ቅጣት የሚለውን ልብ ወለድ ባታነቡት እንኳ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። ቀኖቹ ደግሞ ሩሲያ ያኔ ትጠቀምበት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር ናቸው። አዎ፣ እነሱም እንደኛ የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው።

የሐኪሙ ልጅ

ዶስቶየቭስኪ የተወለደው ኦክቶበር 30 ቀን 1821 ሞስኮ ውስጥ ነው። አባቱ የድሆች ሆስፒታል ሐኪም ስለነበር ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። ልጁ ከመስኮቱ የሚያየው የደከሙና የታመሙ ሰዎችን ነው። እናቱ በ1837 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከዚያ አባትየው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ላከውና የወታደር ምህንድስና ትምህርት ቤት ገባ።

ምህንድስናው ግን ከልቡ አልገባም። ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ ብዙም ሳይቆይ በ1844 ሥራውን ለቀቀና ደራሲ እሆናለሁ አለ። በ1846 ድሆች ሰዎች የተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሲወጣ ከተማው ተነጋገረበት። ገና 24 ዓመቱ ነው። በዘመኑ የሚፈሩት ሐያሲ ቤሊንስኪ ሳይቀር አደነቁት። ልጅ እግር ሰው ድንገት ሲጨበጨብለት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እሱም ትንሽ ከፍ ከፍ አለ። ቀጥሎ የጻፈው ግን እንደመጀመሪያው አልተወደደለትም።

የውሸቱ ግድያ

በዚያን ጊዜ ዶስቶየቭስኪ ፔትራሼቭስኪ የሚባል ሰው ቤት ዓርብ ዓርብ እየተሰበሰቡ ስለ አገር ጉዳይ ከሚከራከሩ ወጣቶች ጋር መዋል ጀመረ። ጭሰኛ ነፃ ይውጣ፣ ሳንሱር ይቅር የሚሉ ወጣቶች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላስ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ የሚታገሥ ሰው አልነበረም። ኤፕሪል 1849 ላይ ሌሊት ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ከቀረቡበት ክሶች ትልቁ፣ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያንን የሚተች የታገደ ደብዳቤ በስብሰባ ላይ ማንበቡ ነው። ልብ በሉ፣ የጻፈው እሱ አይደለም። ያነበበው ነው።

ስምንት ወር ምሽግ ውስጥ ታስሮ ከቆየ በኋላ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1849 ጠዋት በብርድ ወደ አንድ አደባባይ አወጧቸው። የሞት ፍርድ ተነበበላቸው። ነጭ የሞት ልብስ አለበሷቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከእንጨት ጋር አሰሯቸው፣ ወታደሮቹም አነጣጠሩ። ዶስቶየቭስኪ ቀጣዩ ተራ ውስጥ ነበር። በራሱ ግምት የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ተኩሱ አልመጣም። መልእክተኛ ደርሶ ንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ማድረጋቸውን ነገራቸው። ነገርዬው ከመጀመሪያው የታቀደ ድራማ ነበር፤ ምሕረቱ ቀድሞ ተወስኖ አልቋል። ታስረው ከነበሩት አንዱ አእምሮው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ዶስቶየቭስኪ ግን በዚያው ቀን ለወንድሙ ለሚካኢል ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ሐሳቡ ሕይወት ስጦታ ነው፣ ከእንግዲህ ደቂቃም አላባክንም የሚል ነበር።

ይቺን ቃል ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የሙታን ቤት

ፍርዱ አራት ዓመት የግዞት ከባድ ሥራ፣ ከዚያ በኋላ ተራ ወታደርነት ሆነ። እግሩ ላይ ብረት ታስሮ በክረምት በበረዶ ጋሪ ወደ ሳይቤሪያ ተወሰደ። በመንገድ ላይ ቶቦልስክ ከተማ ሲደርሱ፣ ባሎቻቸው ከዓመታት በፊት በአመፅ ተከሰው የተጋዙ ሴቶች እስረኞቹን ሊጠይቁ መጡ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አዲስ ኪዳን ሰጧቸው። የመጽሐፉ ጀርባ ውስጥ አሥር ሩብል ተደብቆ ነበር። ያንን አዲስ ኪዳን እስኪሞት ከእጁ አልለየውም።

ኦምስክ እስር ቤት የገባው ጃንዋሪ 1850 ነው። እዚያ ያየውን ኋላ ላይ ስለ ሙታን ቤት በጻፈው ልብ ወለድ ነገረን። እኛም ከተማ ዓለም በቃኝ የሚባል ወህኒ ቤት እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ስሙን ስትሰሙት ብቻ ውስጡ ይታያችኋል። የዶስቶየቭስኪ የሙታን ቤትም እንደዚያው ነው።

ልብ ወለዱን የሚተርክልን ሚስቱን ገድሎ የታሰረ አንድ መኳንንት ነው፤ ውስጡ ያለው ሕይወት ግን ደራሲው የኖረው ነው። ሌሊት በር ሲቆለፍ ሻማ ይበራል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ካርታ ይጀመራል። አንድ ደሀ እስረኛ በጥቂት ሳንቲም ተቀጥሮ ጨለማውና ብርዱ ውስጥ ቆሞ ጠባቂ ይጠብቃል። ቮድካ በበሬ አንጀት ተሞልቶ፣ ሰውነት ላይ ተጠምጥሞ ይገባል። አንዱ እስረኛ በድብቅ ሥራ ለወራት ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቅማል። ከዚያ በአንድ ቀን ሁሉንም ይጠጣዋል፤ ሙዚቀኛ ቀጥሮ ከኋላው እያስከተለ ግቢውን ይዞራል። በማግስቱ ጠዋት ዜሮ ነው፤ ደግሞ ከሀ ይጀምራል።

ዶስቶየቭስኪ በዚህ ሰው አይስቅበትም፣ አይፈርድበትምም። ጠጋ ብሎ ያየዋል። የታሰረ ሰው ገንዘብ የሚያባክነው ገንዘብ ስላልገባው አይደለም ይለናል። ለአንድ ቀንም ቢሆን የራሱ ጌታ የሆነ እንዲመስለው ነው። ለዚያች ስሜት ሲል የወራት ልፋቱን ይከፍላል። እኛ ስለ ሱስ ካነበብነው ሁሉ እንደዚህ ልካችንን የነገረን የለም።

ፔትሮቭ የሚባል እስረኛ አለ። ተራኪውን ይወደዋል፣ በየቀኑ እየመጣ ያዋራዋል። አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱሱን ሰርቆት ሸጦ ጠጣበት። ማታ ላይ ደግሞ ራሱ መጥቶ፣ ምንም ሳያፍር፣ እንዲህ አደረግኩ ብሎ ነገረው። ወዳጅነታቸውም ቀጠለ። ሱስ ያለበት ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁ ይህ ይገባችኋል። የሚሰርቃችሁ ስለሚጠላችሁ አይደለም።

በዚያው ግቢ ግን ሌላም ነገር አለ። አሌይ የሚባል የዳግስታን ልጅ አለ፣ ሙስሊም ነው። ተራኪው በዚያው አዲስ ኪዳን ሩሲያኛ ማንበብ አስተማረው። ልጁ በጥቂት ሳምንት አቀላጥፎ አነበበ፤ ሲለያዩ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ እስረኛውን አይታ ሮጣ መጥታ አንድ ሳንቲም እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ያቺን ሳንቲም ለብዙ ጊዜ አላወጣትም።

እስር ቤት ውስጥ መጻፍ ክልክል ነበር። ሆኖም ሆስፒታል በተኛ ቁጥር በሐኪሞች እርዳታ የእስረኞቹን አነጋገርና ተረት በትንሽ ደብተር ይመዘግብ ነበር። በኛም አገር በደርግ ዘመን ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየተረጎመ ነገም ሌላ ቀን ነው በሚል ርዕስ ለአንባቢ አድርሶታል። እስር ቤት ሲጋራም ካርታም ወረቀትም ያው አንድ ቦታ ነው የሚገኘው። ልዩነቱ ሰውየው የሚያነሳው ላይ ነው።

ፌብሩዋሪ 1854 አንጥረኛው እግር ብረቱን ቀጥቅጦ አወለቀለት። በቃ፣ አንድ ጠዋት ላይ ነፃ ወጣ።

በራሱ እግር የገባበት እስር ቤት

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ፈጠን አድርገን እንለፋቸው። ወታደር ሆነ፣ በ1857 ማሪያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበትም በሐኪም ተረጋገጠ። በ1859 መጨረሻ ወደ ፒተርስበርግ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ከወንድሙ ጋር መጽሔት ጀመሩ። የሙታን ቤት ልብ ወለድም ወጣና ስሙ እንደገና ተነሳ።

በ1863 ወደ ጀርመን ሄደ። ቪስባደን የሚባል ከተማ ሩሌት የሚጫወቱበት ቤት ገባ። እዚያ በሕይወቱ ላይ የደረሰው መጥፎ ነገር ምን መሰላችሁ? በላ። ከአሥር ሺህ ፍራንክ በላይ አሸነፈ። ያ ድል ነው የጨረሰው። ከገንዘቡ ጥቂቱን ለቤተሰብ ላከ፣ ሌላውን ብዙም ሳይቆይ ቁማር ጠረጴዛ ላይ አስረከበ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቱን ያዘው። ሚስጥሩ ገብቶኛል፣ ሰው ካልተጣደፈና ስሜቱን ከተቆጣጠረ የግድ ያሸንፋል አለ። ዛሬ ቴሌግራም ላይ የጨዋታ ትንበያ የሚሸጡ ልጆች ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል አይደል? ኋላ ላይ ራሱ እንዳየው፣ መረጋጋት ከጠረጴዛው ራቅ ብለህ ስታወራ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ጋ ግን የለም።

በ1864 ኤፕሪል ላይ ሚስቱ ሞተች። ጁላይ ላይ ወንድሙ ሚካኢል ሞተ። የወንድሙን ዕዳ ተሸከመ፣ የወንድሙን ቤተሰብም እንደዚሁ። መጽሔቱ ተዘጋ። አበዳሪዎች እስር ቤት እንከትሃለን እያሉ ያስፈራሩት ነበር።

ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ነው መጥፎ ውል የሚፈርመው። በ1865 ስቴሎቭስኪ የተባለ አሳታሚ ሦስት ሺህ ሩብል ሰጠው። ውሉ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ነበረች። እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ ያለምንም ክፍያ ማሳተም ይችላል።

ከዚያ ብር የተረፈችውን ይዞ የት የሄደ ይመስላችኋል? ቪስባደን። በአምስት ቀን ውስጥ ኪሱ ባዶ ሆነ። ሆቴሉ ምግብ ከለከለው፤ የሚሰጡት ሻይ ብቻ ነው። ሻማም ነፈጉት። ወንጀልና ቅጣትን ማሰብና መጻፍ የጀመረው እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በራብ ነው። ዕዳና ረሃብ ጭንቅላቱን ያዞረበት ተማሪ ታሪክ መሆኑ አይገርምም።

ሃያ ስድስት ቀን

ኦክቶበር 1866 ገባ። ለስቴሎቭስኪ የሚሰጠው ልብ ወለድ አንድ ገጽ አልተጻፈም። የቀረው ከአንድ ወር በታች ነው። ጓደኞቹ ሰው ሲናገር እኩል እየተከተለ የሚጻፍበትን የአጭር ጽሕፈት ሙያ የተማረች ልጅ እንዲቀጥር መከሩት። አና ግሪጎርየቭና ትባላለች፣ ሃያ ዓመቷ ነው።

እሱ ቀን ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ማታ ቤቷ ገብታ ትገለብጣለች። በ26 ቀን ቁማርተኛው የተባለው ልብ ወለድ አለቀ። ሊያስረክብ ሲሄድ አሳታሚው ሆን ብሎ ከከተማ ወጥቷል። እነሱም ብልጥ ሆኑና ፖሊስ ጣቢያ አስገብተው ደረሰኝ ያዙ። ሰዓቱ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው።

ልብ ወለዱ ስለ ማን እንደሆነ ገምታችኋል። ሩሌት ላይ ሕይወቱን ያጣ አንድ ወጣት ነው፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ነገ ሁሉም ይስተካከላል እያለ ይጠብቃል። እስረኛው ነገ ሲል መውጫውን ያስባል። ቁማርተኛው ነገ ሲል ግን ዛሬን የሚያመልጥበት ነው።

ፌብሩዋሪ 1867 ዶስቶየቭስኪና አና ተጋቡ። እሱ 45፣ እሷ 20።

እዚህ ጋ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ፊልም ይወጣዋል። አላለቀም። ስለ ቁማር ከማንም በላይ የሚያውቀው፣ መጽሐፍ የጻፈበት ሰው፣ በዚያው ዓመት ባደን ባደን ላይ የሠርግ ቀለበታቸውን መያዣ አስያዘ። የሚስቱን የጆሮ ጌጥ አስያዘ። ልብሷንም አስያዘ። አና ያኔ እርጉዝ ነች። እሱ ይበላና ይመጣል፣ ይበላበትና ይመጣል፣ ተንበርክኮ ያለቅሳል፣ ይምላል፣ በማግስቱ ይሄዳል። በ1868 ጄኔቫ የተወለደችው ሶንያ ሦስት ወር ሳይሞላት ሞተችባቸው።

ደቂቃም አላባክንም ያለው ሰው ነው ይሄ። ሞትን ፊት ለፊት ማየት ከቁማር አላዳነውም። እስር ቤትም አላዳነውም። ስለ ቁማር ማወቅና መጻፍም አላዳነውም።

የመጨረሻው ጨዋታ

ኤፕሪል 1871። ጀርመን ድሬስደን ናቸው፣ ሥራ አልገፋ ብሎት ተክዟል። አና ራሷ ትንሽ ገንዘብ ሰጥታው ሂድና ዕድልህን ሞክር አለችው። እንደሚበላበት ታውቃለች። ከተበላ በኋላ ግን ቁጭ ብሎ እንደሚጽፍም በዓመታት አይታለች። ቪስባደን ሄደ፣ ተበላ። መመለሻ ብሎ 30 ታለር ላከችለት፣ እሱንም ተበላ።

በዚያ ሌሊት እንደ እብድ እየሮጠ የሩሲያ ቄስ ፍለጋ ወጣ። መንገድ ጠፋበት። ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ የደረሰበት ሕንፃ የአይሁድ ምኵራብ ሆኖ ተገኘ። ሆቴሉ ተመልሶ ለአና ረጅም ደብዳቤ ጻፈ፤ ለአሥር ዓመት ገደማ ያሰረኝ ነገር ዛሬ ለቀቀኝ የሚል ነው። አና ይህን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! አላመነችውም።

ይኼኛው ግን እውነት ሆነ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ አልተጫወተም። ለሳንባው ሕክምና ብሎ ጀርመን ደጋግሞ ሄዷል፣ አልነካም።

ምን ተፈጠረ? ተአምር ነው የሚሉ አሉ። እኛ የምናየው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። በ1871 በጋቸው ላይ አገራቸው ገቡ። ገንዘቡን አና ያዘችው። ከአበዳሪዎች ጋር የምትደራደረው እሷ ሆነች። በ1873 አጋንንት የተባለውን ልብ ወለዱን ራሳቸው አሳትመው፣ መጽሐፉን ከቤታቸው መሸጥ ጀመረች። ትልቁ ዕዳ የተዘጋው በአንድ ትኬት አይደለም። በመጽሐፍ በመጽሐፍ፣ በየወሩ፣ ዓመታት ወስዶ ነው። ተከፍሎ ያለቀውም ሊሞት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው።

መልአክ ሆነ እያልናችሁ አይደለም። በስተርጅናው በጻፋቸው ጽሑፎች ስለ አይሁዶች የሚያሳፍር ነገር ጽፏል። ሐዘንም አልቀረለትም፤ በ1878 ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጁን አልዮሻን በዚያው በሱ በሽታ ቀበረ። ያ ሐዘን የካራማዞቭ ወንድማማቾች የተባለው የመጨረሻ ሥራው ውስጥ ገባ። ጁን 1880 ደግሞ ሞስኮ ላይ የፑሽኪን ሐውልት ሲመረቅ ያደረገው ንግግር ሕዝቡን አስለቀሰ። ፑሽኪን እኛ የኛ ደም አለበት የምንለው፣ ሳር ቤት አደባባይ የሰየምንለት ባለቅኔ ነው። የቅድመ አያቱ የአብራም ጋኒባል ትውልድ ቦታ ግን ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1881 በ59 ዓመቱ አረፈ። በዚያ ጠዋት ቶቦልስክ ላይ የተሰጠውን አዲስ ኪዳን አስመጥቶ አናን አስነበባት። ከእስር ቤቱም፣ ከባደን ባደንም የተረፈ መጽሐፍ ነው። ቀለበቱ መያዣ ቤት ሄዷል፣ ያ መጽሐፍ ግን አልሄደም።

እና እኛ?

ከዚህ ታሪክ እኛ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ዶስቶየቭስኪ ከመጀመሪያው እስር ቤት በአንድ ጠዋት ወጣ፤ ሰንሰለቱን የፈታለት ሌላ ሰው ነው። ከሁለተኛው ለመውጣት ዓመታት ፈጀበት፣ ስንት ጊዜ ምሎ ስንት ጊዜ ተመለሰ። የወጣውም ሲያሸንፍ ሳይሆን ሲሸነፍ፣ መሸነፉንም ሳይደብቅ ለሚስቱ ሲጽፍ ነው። ያ ሁሉ ቁማርተኛ የሚጠብቃት አንዷ ትልቅ ድል እሱ ጋ መጥታ ነበር፣ በ1863። ያሰረችውም እሷው ነች።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መገናኛ ሰልፍ ላይ፣ ወይ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ውስጥ፣ ትኬት ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ጓደኛ ካያችሁ አትሳቁበት። ደግሞ ለአንዲት የመጨረሻ ጨዋታ ብላችሁ አታበድሩት። አና ተስፋ አልቆረጠችበትም፣ ስለ ሂሳቡም አልተዋሸችም፤ የተበላውን ሁሉ በማስታወሻዋ ጽፋ ነበር። ዕዳው ስንት እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ያስፈራል። ግን መውጫው በር የሚጀምረው እዚያ ነው።

ትኬቱን የያዛችሁት እናንተው ከሆናችሁ ደግሞ፣ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ አንብባችኋል። አሁን ስልኩን ዝጉና ለምታምኑት አንድ ሰው እውነተኛውን ቁጥር ንገሩት።

ሰላም ዋሉ ቤተሰብ።